የሦስተኛው ሲሊንደር ነዋሪ

የሮቤል ሰማያዊ መኪና ሞተር ውስጥ፣ ሦስተኛው ሲሊንደር ውስጥ፣ እማማ ትርንጎ ይኖራሉ። ይህን ያወቅነው ማክሰኞ ጠዋት ቴስታታውን፣ ማለትም የሞተሩን ክዳን፣ ፈትተን ስናነሳ ነው። አንደኛው ሲሊንደር ውስጥ ጥላሸት ነበር። ሁለተኛው ውስጥም ጥላሸት ነበር። ሦስተኛው ውስጥ አንድ አልጋ፣ አንድ የከሰል ምድጃ፣ በጋዜጣ የተለበጠ ግድግዳና እማማ ትርንጎ ነበሩ። አራተኛው ውስጥ ጥላሸት ነበር።

«ክዳኑን መልሱት፣ ነፋስ ይገባል» አሉን።

መለስነው። ሻይ ጠጣንና እንደገና አነሳነው። ሥራ ሥራ ነው።

እኛ አምስት ነን። አዳማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ የቆርቆሮ ሼድ ውስጥ ጋራዥ አለን። ሼዱ የተሰጠን በማኅበር ስለተደራጀን ነው። ለመደራጀት ደግሞ ሊቀመንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ቁጥጥርና ዕቅድ ያስፈልጋል ተባለ። አምስት ሰው፣ አምስት ሥልጣን። ቅጹ ላይ መፍቻ የሚይዝ ሰው የሚል ቦታ አልነበረም። ለእኔ ዕቅድ ደረሰኝ። ትምህርት ከስምንተኛ ነው ያቋረጥኩት፤ ግን የእጅ ጽሑፌ ያምራል።

የመኪናዋ ባለቤት ሮቤል ሴራሚክ ይሸጣል። ቱርቦ እንድንገጥምለት ፈለገ። ቱርቦ በጭሱ ግፊት እየተሽከረከረ ሞተሩ ውስጥ አየር በግድ የሚጠቀጥቅ ዕቃ ነው። አየር በግድ ሲገባ የድሮ ፒስተን አይችለውም፤ ስለዚህ ሮቤል ከዱባይ አራት ጠንካራ ፒስተኖች አስመጣ። አዲሶቹ ከድሮዎቹ በግማሽ ሚሊሜትር ይሰፋሉ። እነሱ እንዲገቡ ሲሊንደሮቹም መስፋት አለባቸው።

«ለሚመጣው ረቡዕ ካላደረሳችሁ ሌላ ጋራዥ እወስዳታለሁ» አለ ሮቤል። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «ካደረሳችሁ ግን፣ በአዋሽ መንገድ መጀመሪያ የምትነዳት አንተ ነህ» አለኝ።

እኔ በሕይወቴ የሰው መኪና የገፋሁትን ያህል አልነዳሁም። ዕቅዱን በዚያው ቀን ጻፍኩ።

ዕቅዱ ሁለት ገጽ ነበር። ዋናው ነገር ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ከእያንዳንዱ ሲሊንደር ግማሽ ሚሊሜትር ይቆረጣል።» ሊቀመንበራችን ምንተስኖት በጣም ወደደው። ምንተስኖት ከቱታው ላይ የሱፍ ኮት የሚደርብ ልጅ ነው።

«ፍትሐዊ ነው። ለማንም አያደላም» አለ። ማኅተሙን ከኮቱ ኪስ አወጣ፣ እህ ብሎ ተነፈሰበትና መታው።

ሲሊንደር የሚቆርጡልን ከጎናችን ያለው ቶርኖ ቤት ባለቤት ጋሽ ኑርሁሴን ናቸው። አርባ ዓመት ብረት ሲልጡ ኖረዋል። ዕቅዱን በሁለት ጣት ይዘው አነበቡት።

«ልብስ ሰፊ እንኳ ሰውየውን ሳይለካ ጨርቅ አይቆርጥም» አሉ። «ፒስተኑን ስጠኝ፣ እለካዋለሁ። ሲሊንደሩን እለካለሁ። የሚቀረውን እቆርጣለሁ። ይኸው ነው ሥራው። ግማሽ ምናምን ብሎ ከቤቱ ጽፎ የሚመጣ ሰው አላውቅም።»

«ጋሼ፣ ማኅተም ተመቶበታል እኮ።»

«ማኅተሙ ስንት ሚሊሜትር ነው?»

ረቡዕ ዕለት አንደኛውን፣ ሁለተኛውንና አራተኛውን በራሳቸው መንገድ ለኩና ቆረጡ። እንዳጋጣሚ ሦስቱም ላይ የተቆረጠው ልክ ግማሽ ሚሊሜትር ሆነ። ምንተስኖት ይህን ሲሰማ «ዕቅድ ማለት ይኼ ነው» አለ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ጋሽ ኑርሁሴን ማሽኑን አጠፉ። «ሰው አለበት» ብለው ብሎኩን፣ አራቱን ሲሊንደሮች የያዘውን ብረት፣ መለሱልን።

አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር በሦስት አይሄድም። ቢሄድም አንድ እግሩ እንዳጠረ በርጩማ ነው። ሐሙስ ጠዋት እማማ ትርንጎን ለማናገር ብሎኩ አጠገብ ቁጢጥ አልኩ።

«እማማ፣ ሞተሩ ሲሠራ የት ይሆናሉ?»

«የት እሆናለሁ? ቤቴ።»

«ፒስተኑ ሲመጣስ?»

«ጠጋ እላለሁ።»

«በደቂቃ ሦስት ሺህ ጊዜ ነው እኮ የሚመጣው።»

«ልጄ፣ እንግዳ ሲበዛ አይቆጠርም።»

«አሁን ደግሞ አየር ሊጨመር ነው።»

«አየርማ ጥሩ ነው።»

«በግድ ነው የሚገባው።»

«በግድ ያልገባብኝ ምን አለ?» አሉና መታወቂያቸውን አሳዩኝ። አድራሻው ላይ «ሲሊንደር 3» ይላል። መታወቂያው አልታደሰም፤ ግን ማኅተሙ ከእኛ ማኅተም ይበልጣል። «ሃያ ስድስት ዓመት ኖሬበታለሁ። ልጅ የለኝም፣ ዘመድ የለኝም። ከዚህ ካስወጣችሁኝ የምገባበት ሌላ ጉድጓድ የለኝም። ይህን ጻፍልኝ።»

ጻፍኩላቸው። ወረቀቱን ምንተስኖት ወስዶ «አስተያየቶች» የሚል ፋይል ውስጥ አስቀመጠው። ፋይሉ ውስጥ ሌላ ወረቀት አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ የምክክር መድረክ ተጠራ። ሸራ ላይ «የሲሊንደር ማስፋት ሥራ የነዋሪዎች ውይይት» ተብሎ ተጻፈ። የታሸገ ውኃ ቀረበ። እማማ ትርንጎ አልጋቸው ላይ ቆመው ራሳቸውን በሲሊንደሩ አፍ ብቅ አድርገው ተካፈሉ። ጸሐፊያችን ቃለ ጉባኤውን ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት ጨርሳ ነበር፤ መብራት ይጠፋል ብላ ነው።

ምንተስኖት ተነስቶ ስለ ዕድገት ተናገረ። የሰፋ ሲሊንደር የሁሉም መሆኑን አስረዳ። ከዚያ ምትክ ቦታ መዘጋጀቱን ገለጸ፤ ትርፍ ጎማው የሚቀመጥበት፣ ከኋላ ኮፈን ሥር።

«ብርሃን አለው?» አሉ እማማ ትርንጎ።

«ኮፈኑ ሲከፈት አለው።»

«መቼ ነው የሚከፈተው?»

«ጎማ ሲፈነዳ።»

ድምፅ ተሰጠ። አምስት ለአንድ። አምስቱ እኛ ነን። ቃለ ጉባኤው «ነዋሪዎች በአብላጫ ድምፅ ተስማምተዋል» ይላል፤ ቀድሞም እንደዚያ ይል ነበር። ቁጥጥራችን ቀይ ቀለም አምጥቶ ብሎኩ ጎን ላይ ኤክስ አደረገ።

«እኔ የምለው» አሉ እማማ ትርንጎ፣ ሰው ሁሉ ውኃውን ይዞ ሲበተን። «የእኔን ቤት ስፋት የለካ ሰው አለ?»

እኔ ነኝ የቀረሁት።

«ነገ ናና ለካ» አሉኝ።

ዓርብ ጠዋት ከጋሽ ኑርሁሴን የውስጥ መለኪያውን ተዋስኩ። ጫማዬን አወለቅኩ። መጀመሪያ ክንዴ ገባ፣ ከዚያ ትከሻዬ፣ ከዚያ ጠቅላላ እኔ። በማይክሮሜትር የሚለካ ቀዳዳ ውስጥ መግባት ያን ያህል አይከብድም፤ ጠዋት ጠዋት ሚኒባስ የተሳፈረ ሰው ይችለዋል። እማማ ትርንጎ በርጩማ ሰጡኝና በሶ በጠበጡልኝ። ግድግዳው ላይ ያለው ጋዜጣ በደንብ ተለጥፏል። አንድም የታጠፈ ጠርዝ አላየሁም። ወደ ላይ ስመለከት ክቡ አፍ ላይ የምንተስኖት ፊት ነበር። ሰዓቱን ያያል።

መለኪያውን ዘረጋሁ። ላይ ለካሁ፣ መሐል ለካሁ፣ ታች ለካሁ። ሰማንያ ስድስት ሚሊሜትር ከግማሽ። ደገምኩት። ሰማንያ ስድስት ከግማሽ።

«እማማ፣ ይኼ እኮ ሰፍቷል። ማን አሰፋው?»

«በየዓመቱ ለፋሲካ ጥላሸቱን እፍቃለሁ። ግድግዳ ካልተፋቀ ጋዜጣ አይይዝም። ሃያ ስድስት ፋሲካ ነው።»

«የድሮው ፒስተን ግን ሰማንያ ስድስት ነበር። ግማሽ ሚሊሜትር ክፍተት እያለ መኪናዋ ጭስ እንኳ አታወጣም ነበር። ምን ሞላው?»

«እኔ አለሁ አይደል?» አሉ። በሶውን እንድጨርስ ጠበቁኝ።

ወጥቼ ጫማዬን ሳላጠልቅ ወደ ጋሽ ኑርሁሴን ሮጥኩ። ቁጥሩን ነገርኳቸው። ሦስተኛውን ፒስተን አንስተው ለኩ። እንደገና ለኩ።

«የዚህ ሲሊንደር ሥራ አልቋል» አሉ። «ከዚህ በላይ አይነካም። ሴትዮዋ እዚያው ይቀመጡ፣ ፒስተኑን አስገቡ። ደግሞ ጠይቅልኝ፤ ሥራ ከፈለጉ እኔ ጋ ቦታ አለ።»

ተመልሼ ለምንተስኖት አስረዳሁት። በትዕግሥት ሰማኝ። ከዚያ ከኮቱ ውስጥ አንድ ወረቀት አወጣ፤ የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ነው።

«አንብብ።»

«አራቱም ሲሊንደሮች በዕቅዱ መሠረት መቶ በመቶ ተቆርጠዋል» ይላል።

«መቼ ላክኸው?»

«ማክሰኞ።»

«ማክሰኞ እኮ ገና ክዳኑን መክፈታችን ነበር።»

«ለዚያ ነው በጊዜ የደረሰው» አለ። «አሁን ስማኝ። ሦስተኛው ካልተቆረጠ ሰባ አምስት በመቶ ነን። ሰባ አምስት ማለት ደካማ ማኅበር ነው። ደካማ ማኅበር ሼዱን ያስረክባል። አምስት ሰው ለአንድ ሰው ብሎ ጎዳና ይውጣ?»

«ግን ልኩ ደርሷል። ምን ልንቆርጥ ነው?»

«በዕቅዱ የተጻፈውን። ማን ጻፈው?»

እኔ ነኝ የጻፍኩት። ምንተስኖት ፍትሐዊ ሰው ስለሆነ ምርጫ ሰጠኝ። ዕቅዱን መቀየር የምችለው እኔ ብቻ ነኝ። ከቀየርኩ ግን አዲስ ዕቅድ ይጻፋል፣ አዲስ ዕቅድ ለውይይት ይቀርባል፣ ውይይቱ ከረቡዕ ያልፋል፣ ሮቤል መኪናውን ይወስዳል። ካልቀየርኩ እዚህ ጋ መፈረም ብቻ ነው። ብዕሩን ከፍቶ ሰጠኝ።

የአዋሽን መንገድ አሰብኩ። ቀጥ ያለ ነው። ግራና ቀኙ ግራር ነው፣ ከፊት ያለው አስፋልት በሙቀት ይንቀጠቀጣል። ከዚያ እማማ ትርንጎን አሰብኩ። ከዚያ መንገዱን እንደገና አሰብኩ።

ፈረምኩ። ቆንጆ ፊርማ ነው የወጣልኝ።

ቅዳሜ ዕለት ዕቃቸውን አወጣን። አልጋው በጎኑ ካላጋደሉት አይወጣም ነበር። ምድጃው እሳት ነበረበት። እማማ ትርንጎ በመጨረሻ ወጡና ፍራሻቸውን ከሼዱ በር ትይዩ አንጥፈው ተቀመጡ። አልጮኹም። የሚያልፉ ሰዎች የባጃጅ ወረፋ መስሏቸው አጠገባቸው ቆሙ።

ጋሽ ኑርሁሴን ለሶላት ሄዱ። ሶላት ያን ያህል አይቆይም፤ የእሳቸው ግን ያን ቀን እስኪመሽ ቆየ። ሲሄዱ የቶርኖ ቤቱን በር አልቆለፉትም። ሦስት ዓመት ሲሠሩ ቆሜ አይቻቸዋለሁ። ማሽኑን ያስነሳሁት እኔ ነኝ።

መጀመሪያ የተላጠው ጋዜጣ ነው። ከሥሩ ሌላ ጋዜጣ፣ ከሥሩ ሌላ። አንዱ ላይ ሪባን የሚቆርጡ ሰዎች ፎቶ ነበር፤ ከሥሩ ባለው ላይም ሌሎች ሰዎች ያንኑ ሕንፃ ሪባን ይቆርጣሉ። ከዚያ ብረት መጣ። ግማሽ ሚሊሜትር ቆረጥኩ። ማሽኑን አጠፋሁና ለካሁ። ሰማንያ ሰባት።

ምንተስኖት «ተፈጸመ» ብሎ ጻፈ።

እሁድ ጠዋት ሦስተኛውን ፒስተን ስናስገባው ሳንገፋው ወረደ። ኳ አለ። አወጣነውና መለስነው። ኳ አለ።

ጋሽ ኑርሁሴን መጥተው ቆሙ። አልተቆጡም። «ሌላ ብረት ማልበስ ይቻላል» አሉ። «ብረቱ ከአዲስ አበባ ይመጣል። ሦስት ሳምንት።»

«ረቡዕ ነው እኮ» አለ ምንተስኖት።

«እንግዲህ ማኅተሙን አልብሰው።»

ከበሩ ትይዩ ፍራሽ ሲራገፍ ተሰማ። ሐሳቡ የመጣው ለእኔ ነው፤ ለማንም አላላክክም። ለምንተስኖት በጆሮው ነገርኩት። ዐይኑ በራ። ሰኞ ጠዋት ሸራው ተገልብጦ በጀርባው ላይ «ተፈናቃይ ነዋሪን ወደ ቀዬው የመመለስ ፕሮግራም» ተጻፈ። ውኃ ቀረበ።

«ለእርስዎ ግማሽ ሚሊሜትር ይዞታ ተፈቅዶልዎታል» አለ ምንተስኖት ለእማማ ትርንጎ።

«በዲያሜትር ነው ግማሽ» አሉ ጋሽ ኑርሁሴን ከኋላ። «ዙሪያውን ሲካፈል ሩብ ነው። አታጭበርብራቸው።»

«ሌላው ሩብስ?» አሉ እማማ።

«ከማዶ ነው፣ ፊት ለፊትዎ» አለ ምንተስኖት። «ሁሌም ይታይዎታል።»

«ፒስተኑ ይከልለዋል።»

«አልፎ አልፎ።»

«አልጋዬስ?»

«አልጋው አይገባም።»

«ምድጃውስ?»

«ሞተሩ ራሱ ይሞቃል፣ እማማ።»

ሁለት ሌሊት ውጭ አድረዋል። ሁለተኛው ላይ ዘንቧል። ፍራሹን አዩ፣ ብሎኩን አዩ፣ መጨረሻ እኔን አዩኝ።

«አንተ ነህ የለካኸው?»

«አዎ።»

«ከለካህ በኋላ ነው የቆረጥከው?»

«አዎ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የጠረጠረው ነገር እውነት እንደሆነለት ሰው። ጫማቸውን አውልቀው ጎን ለጎን አስቀመጡ። ሻሻቸውን ጠበቅ አደረጉ። ጋሽ ኑርሁሴን ክንዳቸውን ደገፏቸው። እማማ ትርንጎ ወርደው ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጡ፣ ግራ እጃቸውን በግራ ዘረጉ፣ ቀኝ እጃቸውን በቀኝ ዘረጉ፤ ጣቶቻቸው ከማዶ ተገናኙ። ከዚያ ጋዜጣ በሙጫ ሲለጠፍ እንደሚሆነው ከመሐል ጀምሮ እስከ ጠርዝ ዝርግ አሉ። ጋሽ ኑርሁሴን ጎንበስ ብለው ለኩ።

«ልክ ነው» አሉ። ከዚያ ወደ ቶርኖ ቤታቸው ገብተው በሩን ከውስጥ ዘጉ።

ማክሰኞ ገጠምን። ቱርቦውን ገጠምን። ረቡዕ አራት ሰዓት ላይ ቁልፉን አዞርኩ፤ በአንድ ጊዜ ተነሳች። ጭስ የላትም። ኳኳታ የላትም። ምንተስኖት ቆሞ አዳመጠና «ሦስተኛው ከሁሉም ይሻላል» አለ። ሪፖርቱ ላይ መቶ አራት በመቶ ጻፈ፤ አራቱ በመቶ ለማኅበራዊ አገልግሎት ነው። ሮቤል ቃሉን ጠብቆ ከጎኔ ተቀመጠ፣ መሪውን ለእኔ ሰጠ።

በአዋሽ መንገድ ነዳኋት። ነዳጁን ስረግጥ ቱርቦው ያፏጫል፣ ጀርባዬ ከወንበሩ ይጣበቃል፣ ግራሮቹ አንድ ግድግዳ ይሆናሉ። አንድ መቶ ስልሳ። አንድ መቶ ሰማንያ። ሮቤል ይስቃል። «አቦ ይመችህ! ይኼ ነው ዕቅድ!» ይለኛል። እኔም ሳቅሁ። እንዲህ ያለ ነገር ነድቼ አላውቅም፤ ያማረ ነበር፣ አልዋሽም።

መተሐራን አልፈን ቆምን። ሮቤል ሐብሐብ ሊገዛ ወረደ። ቱርቦ አዲስ ሲገጠም ከመጀመሪያው ሩጫ በኋላ ካንዴላ፣ ሲሊንደሩ ውስጥ እሳት የሚጭረው ዕቃ፣ ተነቅሎ ይታያል፤ ነዳጁ በደንብ መቃጠሉ የሚታወቀው በካንዴላው ቀለም ነው። ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቅሁ። ሦስተኛውን ፈታሁ። ቀለሙ ትክክል ነበር፤ ቡናማ። ስልኬን አብርቼ በቀዳዳው ወደ ውስጥ አየሁ።

እማማ ትርንጎ በቦታቸው ናቸው። ዙሪያውን። ዐይናቸው ተከፍቷል።

«እማማ፣ ደህና ነዎት?»

«ቀስ ብለህ አውራ» አሉኝ። «ሰው ተኝቷል።»

መብራቱን ወደ ትከሻቸው አዞርኩት። በእሳቸውና በብረቱ መሐል፣ በዚያች ሩብ ሚሊሜትር ውስጥ፣ ሰዎች ተሰልፈው ነበር። አንዱንም አላውቅም። አንዳንዱ ፍራሽ ተሸክሟል፣ አንዳንዱ የቤት ቁጥር የተጻፈበት ቆርቆሮ በብብቱ ይዟል፣ አንዲት ሴት በር ከነመቃኑ አዝላለች። ሰልፉ በሲሊንደሩ ግድግዳ ዞሮ፣ እንደገና ዞሮ፣ ስልኬ የማያበራበት ድረስ ይወርዳል። አብዛኛው ቆሞ ተኝቷል። ለእኔ የሚቀርበው የሰልፉ መጨረሻ ነበር። እዚያ የቆመው ሰውዬ ብርሃኑ ሲያርፍበት ቀና ብሎ አየኝ። ትንሽ አየኝና፣ አንድ እርምጃ ወደፊት ተጠግቶ፣ ከኋላው ቦታ ለቀቀልኝ።